ቡና የተሰጣበት የቴኒስ ሜዳ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ጠዋት ሜዳ ወረድኩ። ጉልበቴ እንደ ልማዱ። ሌሊት ጤዛ ወርዶ ሲሚንቶው እርጥብ ነበር፤ እስኪደርቅ ልጆቹ ኳስ ግድግዳ ላይ መቱ። ወጣቱ አሠልጣኝ ሚሊዮን ይጮህባቸዋል። ይህ ልጅ ሳይጮኹ ማሠልጠን አይቻልም ብሎ ማን ነገረው? ከኔ አልተማረውም። ወይስ… ዘንድሮ የኮሌጃችንን የሴቶች ቡድን ለሱ አስረክቤ "ልምድ አካፋይ" ሆኛለሁ። ልምድ አካፋይ ማለት ዳር ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣ ሽማግሌ ማለት ነው።

ከሰዓት የጅማ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠሩኝ። አጋሮ ያለ ኮሌጅ አዲስ የቴኒስ አሠልጣኝ ቀጥሯል። ሴት ናት፣ ገና ልጅ ናት፣ በሳምንት አንድ ቀን ሄደው ቢያዩልን። "ሐሙስ ሐሙስ ይመችዎታል ጋሼ ወልደሰማያት?" ጡረታዬ እኮ ሰኔ ላይ ነው። ጉልበቴ እኮ… አላልኩም። እሺ አልኩ።

ስንቱን አስተማርኩ? አንዱ አዲስ አበባ ሄዶ ጂም ከፈተ፣ አንዱ እርዳታ ድርጅት ገባ፣ አንዱ ባጃጅ ገዛ። ቴኒስ ላይ የቀረ ከስንት አንድ ነው። ይቺም ትሄዳለች። ለባለቤቴ ለአልማዝ ነገርኳት። የሰው ሱሪ እያሳጠረች ነበር፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል "እሺ ማለት ያንተ ሥራ፣ ጉልበትህን ማሸት የኔ ሥራ" አለችኝ። እውነቷን ነው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

አጋሮ። ሚኒባሱ ሰው በሰው ላይ ነው። ልጅቷ የኮሌጁ በር ላይ ጠበቀችኝ። ሳሊሀ ትባላለች። ቀጭን፣ ጥቁር ሂጃብ፣ ሰማያዊ ቱታ፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ። "እንኳን ደህና መጡ ኮች" ብላ ከወገቧ ጎንበስ አለች።

"ሜዳው የታለ?" አልኳት። አሳየችኝ።

ቡና ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡና ተሰጥቶበታል። መረቡ መሃል ላይ ቆሟል፣ ከወዲህም ከወዲያም ቡና። የሰፈሩ ሰው ምን ያድርግ? እንዲህ ያለ ደልዳላ ሲሚንቶ ሌላ ቦታ የለም።

"የማን ነው?"

"የሃጂ አብራር ነው ኮች። ጎረቤታችን ናቸው። ኮሌጁ ያረፈበትን መሬት የሰጡት የሳቸው ቤተሰብ ነው… በየዓመቱ እዚህ ነው አሉ የሚያሰጡት።"

"አንቺስ የት ታሠለጥኛለሽ?"

በክፍሎቹ መሃል ያለውን ኮሪደር አሳየችኝ። ስድስት ልጆች አጥፍቶ እንደተቀጣ ተማሪ ግድግዳ ላይ ኳስ ይመታሉ። አንዷን አየኋት። ፈድሊያ ትባላለች፣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት። እጇ ጥሩ ነው። ዓይኗም። ሰፊ ቦታ ላይ ባያት…

"ቡናው እንዲነሣ ለሃጂ ነግረሻቸዋል?"

"እነግራቸዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።" መሬት መሬቱን እያየች ነው ያለችው።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16

ቡናው አለ።

"አልነገርሻቸውም?"

"ሄጄ ነበር ኮች።"

"እና?"

"ብቻቸውን ነበሩ። በዚያ ፀሐይ ቡናውን እያገላበጡ… አሳዘኑኝ።"

"እና?"

"ተቀበልኳቸው።"

"ምኑን?"

"የሚያገላብጡበትን እንጨት።"

አሠልጣኟ ሜዳዋን ላስለቅቅ ብላ ሄዳ ቡናውን አገላብጣ ተመለሰች። ሃጂም መርቀው ሸኟት። እዚያ አልሳቅኩም። ሚኒባስ ውስጥ ነው የሳቅኩት፤ አጠገቤ ያለው ሰው ዞሮ አየኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ዛሬ ሳቅ የለም።

የኮሌጁ ዲን ቢሮ አስጠራን። ክፉ ሰው አይደለም። ሻይ አዘዘልን፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ። ከዚያ ተናገረ። ሜዳው ለኮሌጁ ምን አመጣ? ዋንጫ የለ፣ ሜዳሊያ የለ። በሚያዝያው የኮሌጆች ውድድር ከነዚህ ልጆች አንዷ ግማሽ ፍጻሜ ከደረሰች ሜዳው ይቆያል፣ የሳሊሀም ኮንትራት ይታደሳል። ካልደረሰች ሜዳው ለሰፈሩ በቋሚነት የቡና ማስጫ ይሆናል፣ እሷም ትሰናበታለች። እሷው ፊት ነው የተናገረው። ሳሊሀ "እሺ" አለች።

ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ፊሽካዋን በጣቷ ታሽከረክራለች። እናቷና ሁለት ታናናሾቿ የሚኖሩት በሷ ነው። የቴኒስ አሠልጣኝ ፈልጎ የሚቀጥር ሌላ ማን አለ? ለልጆቹ እንደማትነግራቸው ነገረችኝ። እንዳይጨነቁ።

"እርስዎ ለሃጂ ቢነግሩልኝ… ማሎ፣ እባክዎ ኮች። እርስዎን ያከብራሉ።"

"አልነግርም።"

"ለምን?"

"እኔ ብነግራቸው ለኔ ብለው ያነሡታል። ለከርሞ ማን ይነግራቸዋል? እኔ ሰኔ ላይ ቤቴ ነኝ።"

ፊቷ ጠቆረ። ማታ ለአልማዝ ስነግራት "ጨካኝ ነህ" አለችኝ። ጨካኝ ነኝ እንዴ? አላውቅም። ደክሞኛል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

ገና። በላን፣ ተኛን። ቴኒስ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ጥሩ ቀን።

ሐሙስ፣ ጥር 7

ነግራቸዋለች። ግን ምን ብላ? "ሃጂ፣ ግማሹን ቢለቁልን።" ሃጂም በኦሮምኛ "ጋሪ፣ ጋሪ"፣ ጥሩ ነው ብለው ግማሹን ለቀቁ። ከመረቡ ወዲህ ያለውን። ከመረቡ ወዲያ ያው ቡና ነው። ልጆቹ ሰርቪስ ሲመቱ ኳሷ ቡናው ውስጥ ትቀበራለች፣ አንዷ ጫማዋን አውልቃ ገብታ ታወጣለች።

"ግማሽ የቴኒስ ሜዳ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ከምንም ይሻላል ብዬ ነው ኮች።"

ሃጂ ጥላው ሥር ተቀምጠው ኳስ በተመታ ቁጥር ያጨበጭባሉ። ለኔም ሙዝ ገዝተው ሰጡኝ። ደስ የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። ችግሩም እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይቀል ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ቡናው ደርቆ ተነሣ። ሳሊሀ መሬት አልበቃትም። ሜዳውን አጥባለች፣ መረቡን ወጥራለች፣ መስመሩን በኖራ ቀብታለች። እኔ ግን… ቡናውን ያነሣው ፀሐይ ነው፣ እሷ አይደለችም። ልንገራት? አልነገርኳትም። አንድ ቀን እንኳ ደስ ይበላት።

ሐሙስ፣ ጥር 28

የወዳጅነት ጨዋታ። ሚሊዮንንና ትንቢትን ይዤ ሄድኩ። ትንቢት የኛ ኮሌጅ አንደኛዋ ተጫዋች ናት፤ መጀመሪያ ራኬት ያስያዝኳት እኔ ነኝ።

በኛ ውድድር ዳኛ የሚቀመጠው ለፍጻሜ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዷ በራሷ በኩል ያረፈችውን ኳስ ራሷ ትፈርዳለች። ከመስመር ከወጣች ጣቷን አንሥታ "አውት" ትላለች። ዝም ካለች ገብታለች ማለት ነው። ከተጠራጠረች ደግሞ ነጥቡ ለተጋጣሚዋ። ሕጉ እንዲሁ በሰው ሕሊና ላይ የቆመ ነው።

ፈድሊያ እየመራች ነበር። ከዚያ የትንቢት ኳሶች መውጣት ጀመሩ። አንዷ ክንድ ያህል ወጣች። ፈድሊያ ዝም። ሌላዋም ወጣች። ዝም። እንዲህ ዝም እያለች ተሸነፈች። ስትወጣ ጠራኋት።

"ያቺ የመጨረሻዋ ኳስ ገብታ ነበር?"

"አይ፣ ወጥታለች።"

"አይተሻታል?"

"አይቻታለሁ።"

"ታዲያ?"

"ከጅማ ድረስ መጥታ… እንግዳ ናት። ሰውም እያየ ነው። ለአንድ ኳስ ብዬ?"

ወደ ሳሊሀ ዞርኩ። ሳሊሀ በኩራት ፈገግ ብላለች። "እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው ኮች። ከተጠራጠራችሁ ስጡ ብያቸዋለሁ።"

ጮህኩ። ሳላስበው። ጥርጣሬ ሌላ፣ ይሉኝታ ሌላ! ልጅቷ አልተጠራጠረችም፣ አፍራ ነው! የሳሊሀ ፈገግታ ፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። ሚሊዮን ዳር ቆሞ ይስቃል። መንገዱን ሙሉ "ሼም ነው ኮች፣ በነፃ እኮ ነው የሰጡን" ሲለኝ መጣ። እሱ ደግሞ ግልባጩ ነው። "ፕሬሸር ፍጠሩ" እያለ ያልወጣውንም አውት አስብሎ ያውቃል። አንዷ የወጣውን ገባ፣ አንዱ የገባውን ወጣ። በመሃላቸው እኔ ልሙት።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

እኛም ጾም፣ እነሱም ጾም። ዐቢይ ጾም ሰኞ ገባ፣ ረመዳን ረቡዕ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እነሱ ግን ውሃ እንኳ የለ። በዚህ ፀሐይ አሩጣቸው ልበላት?

ሚኒባስ ውስጥ አሰብኩበት። መሮጥ ካልቻሉ መፍረድ ይችላሉ። ልጆቹን ጥላው ሥር፣ ከኋለኛው መስመር ጫፍ ላይ ወንበር ደርድሬ አስቀመጥኳቸው። እኔ ከመረቡ አጠገብ ቆሜ ኳስ በእጄ እወረውራለሁ። አንዴ መስመሩ ላይ፣ አንዴ ጣት ያህል ወጣ አድርጌ። በተራ ይፈርዳሉ።

"ይቅርታ፣ አውት።"

"ይቅርታው ምንድን ነው? ኳሷን ያስወጣሻት አንቺ ነሽ?"

"አውት መሰለኝ።"

"መሰለኝ ይቅር።"

ፈድሊያ ድምጿ አይሰማም። ለራሷ ነው የምትነግራት። ከዚያ ሳሊሀን አስቀመጥኳት፣ ልጆቿ ፊት። የወረወርኩት ሁሉ ለሷ ገብቷል። ክንድ ያህል የወጣውም ገብቷል።

"ኮች የወረወሩትን እንዴት ብዬ አውት እላለሁ?"

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሚያዝያ እየመጣ ነው፣ እሷ ትስቃለች። ምን ላድርጋት?

ሐሙስ፣ የካቲት 19

ያው ወንበር፣ ያው ኳስ። ፈድሊያ አንዴ ጮክ ብላ "አውት" አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ዛሬ ሳሊሀ አንዲት ኳሴን አውት አለችኝ። ጣቷን አነሣች፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። እኔ ደግሞ መስመሩ ላይ ያሳረፍኳት መስሎኝ ነበር።

"ገብታለች" አልኳት።

"ወጥታለች ኮች።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ወላሂ ወጥታለች።"

ማን ልክ እንደነበር አላውቅም። ደስ አለኝ። ከወር በላይ የጠበቅኳት እሷን ነው። ለልጆቹም ደግሜ ነገርኳቸው፤ ፍርዱ የተጫዋቿ ነው፣ ዳር የቆመ ሰው ደጋፊም ሆነ አሠልጣኝ አፉን ይዘጋል። ስመለስ ዝናብ ያዘኝ፣ ሚኒባሱም ተበላሸ፣ ቆሜ ጠበቅኩ። ግድ አልሰጠኝም።

ዓርብ፣ መጋቢት 11

ኢድ። ሳሊሀ በሚኒባስ ሹፌር የኢድ ጣፋጭ፣ ሙሸበክ ላከችልን። ዱቄትና ዘይት ነው፣ ጾም አያስፈታም ብዬ በላሁ። አልማዝ ከኔ በላይ በላች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 15

ሚሊዮን ከልምምድ በኋላ ቀረ።

"ኮች፣ አንድ ነገር ልበልዎት፣ አይቀየሙኝ።"

"በል።"

"የማን ኮች ነዎት? ደሞዝዎ ከዚህ፣ ልብዎ አጋሮ።"

እሱ ጋ አራት ቀን ነው የምውለው፤ አጋሮ አንድ ቀን። ግን እሱ መቼ ይሰማኛል? ስለ መስመር ፍርድ ሳነሣበት "እሱ የፋራ ነው ኮች" ይለኛል። ከዚያ እኔም ዝም እላለሁ። መጣላት ደክሞኝ ነው። ይኼ ልጅ ጎበዝ ነው፣ ይሠራል፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ሜዳ ይገባል። የሚያሳዝነኝም እሱ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17

ጉልበቴ አበጠ። ሐኪሙ ሚኒባስ ለጥቂት ጊዜ ይቅርብህ አለኝ። አልሄድኩም። ሳሊሀ ደወለች።

"ኮች፣ ዛሬ ምን ላሠራቸው?"

"የመሰለሽን።"

"እርስዎ ቢሆኑስ?"

"እኔ የለሁም።"

ከዚያ "እሺ ኮች፣ አላህ ያሽርዎት" ብላ ዘጋች። ከጀርባዋ ኳስ ሲመታ ይሰማል።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

ፋሲካ አለፈ። የውድድሩ ዕጣ ወጣ። ፈድሊያና ትንቢት የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ካሸነፉ ሩብ ፍጻሜ ላይ ይገናኛሉ። ከሁለቱ ያሸነፈችው ግማሽ ፍጻሜ ገባች። የሳሊሀ እንጀራ በትንቢት እጅ ገባ ማለት ነው። ያውም እዚሁ፣ በኛው ሜዳ።

አልማዝ "ለማን ልትጸልይ ነው?" አለችኝ። ለማንም አልጸልይም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ሁለቱም አለፉ። ነገ ነው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

ካልጻፍኩት ሆዴ ውስጥ ያድራል።

የሠራተኞች ቀን ስለሆነ ሥራ የለም፤ ግቢው ሰው ሞልቷል። የኛ ተማሪዎች ከበሮ ይዘዋል። ከአጋሮ የመጣው አንድ ሚኒባስ ሰው ነው። ሃጂ አብራር ሳይቀሩ መጥተዋል፣ ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። ለኔ ለብቻዬ ወንበር አወጡልኝ፣ ከኋለኛው መስመር ትይዩ። ክብር ነው መቼም። ሚሊዮን በአንድ ጥግ፣ ሳሊሀ በሌላው።

የመጀመሪያውን ዙር ትንቢት ወሰደች፣ ሁለተኛውን ፈድሊያ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም በእግራቸው መቆም አቃታቸው። ፈድሊያ አምስት ለአራት መራች። ከዚያ አርባ ለሠላሳ። ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራት። ያቺ ነጥብ የሳሊሀ ሥራ እንደሆነች ግቢው ውስጥ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን። አየኋት፤ ፊሽካዋን ጨብጣለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ትንቢት ባላት ኃይል መታች። ኳሷ እኔ ወዳለሁበት ጫፍ መጣች፣ መስመሩ ጋ አረፈች። ነካች። አየሁ።

ፈድሊያ ጣቷን አነሣች። "አውት።" ግቢው በሙሉ ሰማት።

ትንቢት ራኬቷን ጣለች። ሚሊዮን ዘሎ ሜዳ ገባ። "ገብታለች! ኮች ፊት ነው ያረፈችው፣ ኮች ይናገሩ!" ከዚያ የኛ ተማሪዎች በሙሉ "ኮች ይናገሩ፣ ኮች ይናገሩ"። በሜዳዎቹ መሃል የሚዞረው ዳኛ መጣ። የድሮ ተማሪዬ ነው። ሕጉን ጥርት አድርጎ ያውቀዋል፣ ግን እሱም ወደኔ ዞረ። "ጋሼ፣ አይተዋል?" ሽማግሌ በተቀመጠበት ማን ሕግ ይጠቅሳል? ከአጋሮ የመጡትም ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ሃጂ አብራር እንኳ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ፣ ይናገሩ እንደማለት።

ተነሣሁ። ልናገር ነበር። ገብታለች ልል ነበር። ያየሁትን ነው፣ ለማንም ላደላ አይደለም። ግን ዳር የተቀመጠ ሰው እንደማይናገር በዚያች ደቂቃ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ሁሉም ይጠይቁኛል፣ እኔም ልመልስ ነው። በቃ።

ሳሊሀ በመረቡ ጥግ ዞራ መጣች። አልሮጠችም። ፊቴ ቆመች።

"ኮች፣ ይቀመጡ።"

ያ ሁሉ ሰው እያየ።

"ፍርዱ የተጫዋቿ ነው። ዳር ያለ ሰው አይናገርም።" ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

ከበሮው ቆመ። ሃጂ አብራር "አስተግፊሩላህ" ሲሉ ሰማሁ። አንዱ ተማሪ አፏጨ። እኔ እንደቆምኩ ቀረሁ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

ዳኛው ፈድሊያን እርግጠኛ ነሽ ወይ አላት። ነኝ አለች። ጨዋታው አለቀ።

ቤት ስደርስ አልማዝ ሰምታለች፤ በሰፈራችን በበቾ ቦሬ ወሬ ከሰው ቀድሞ ይገባል። "ማን ነው ያስተማራት?" አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አፈርኩ። ተናደድኩ። ሠላሳ ዓመት በቆምኩበት ሜዳ ላይ ተቀመጥ ተባልኩ። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው የባሰብኝ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

ፈድሊያ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ተሸነፈች። ለዲኑ ግን ደርሳለች። ሳሊሀ ልጆቿን ሰብስባ ሳትሰናበተኝ ሄደች። ወይስ እኔ ነኝ የሸሸኋት? በበሩ ስታልፍ መጋዘን ውስጥ ኳስ እየቆጠርኩ ነበር። የሚቆጠር ኳስ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 29

ሳሊሀ ደወለች። ስልኩ እስኪጠራ የጠበቅኩ ይመስል ወዲያው አነሣሁት። ኮንትራቷ ታድሷል። ሜዳውም ይቆያል። "አልሃምዱሊላህ" አልኳት፤ እሷ ሳቀች፣ ከኔ አፍ ሰምታ አታውቅማ።

"ኮች… ተቀይመውኛል?"

"አዎ።"

"እሺ።" ይቅርታ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችም። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኳሷ ገብታ ነበር?"

ምን ልበላት? አላየሁም ብል ይቀላል። ተደስታለች፣ ለምን አበላሽባታለሁ?

"ገብታ ነበር" አልኳት። "መስመሩን ነክታለች።"

በስልኩ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል።

"ለፈድሊያ እነግራታለሁ" አለችኝ።

"ይቅርብሽ። ልጅቷ ያየችውን ነው የፈረደችው።"

"እነግራታለሁ ኮች። ማወቅ አለባት።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ነገረቻት። ፈድሊያ ምን አለች? "ኮች ወልደሰማያት ናቸው ያሉት? ኳሷ እኔ እግር ሥር ነው የወደቀችው። እሳቸው ከዚያ ዳር ሆነው እንዴት ያያሉ?"

ሳሊሀ ይህንን በስልክ ስትነግረኝ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔ መጀመሪያ ደነቀኝ። ከዚያ አሰብኩ። መነጽሬን አድርጌ ነበር? አድርጌ ነበር… ፀሐዩ ፊት ለፊቴ ነበር። አየሁ ያልኩትን አይቼዋለሁ? አሁን ብትጠይቁኝ አልምልም።

ሌላም ነገረችኝ። ሃጂ ጋ ሄዳ ነበር። ለከርሞ ሜዳው ላይ ቡና አይሰጣም ብላቸዋለች። ግማሹም።

"ምን አሉሽ?"

"ምንም አላሉኝም። ተቀየሙኝ። ሰላም ስላቸው አይመልሱልኝም።"

"እና?"

"ከብዶኛል ኮች። እናቴም ተቆጥታኛለች።" ትንፋሿ ይሰማኛል። "ግን አልመልሰውም።"

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ጽሕፈት ቤቱ ጠራኝ። ደዶ ወረዳ አብዱልሰመድ የሚባል አዲስ አሠልጣኝ ተቀጥሯል። ከኔ በኋላ ጀማሪ አሠልጣኞቹን ማን ይያዝ? ሁሉም ሚሊዮን ነው ብለው ጨርሰዋል። ሳሊሀ አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። እሺ፣ ለሚሊዮን እኛ እንነግረዋለን አሉኝ። እኔ እነግረዋለሁ አልኩ።

መረብ ሲፈታ አገኘሁት። ቁጭ በል አላልኩትም፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

"ያቺን? በሰው ፊት ያዋረደችዎትን?"

"አዎ፣ እሷን።"

"እኔ ምን ጎደለኝ ኮች?"

ነገርኩት። ከመጋቢት በፊት ልነግረው የሚገባኝን ሁሉ ነገርኩት፤ የገባውን አውት ስለማስባሉም፣ ስለ ጩኸቱም። ጎበዝ መሆኑንም። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ መረቡን ጠቅልሎ ሄደ። ሰላም አላለኝም። ከሰዓት በኋላ ሰውነቴ ሁሉ ዝሎ ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10

ጡረታ ወጣሁ፤ ጽሕፈት ቤቱ የሜዳውን ቁልፍ ዛሬ ተረከበኝ። ሽኝቱ ላይ አንድ ባልደረባዬ ጥሩ ነገር ተናገረ። ሚሊዮን መጥቶ ነበር፤ ከኋላ ቆሞ አጨበጨበና ወጣ። መምጣቱ ራሱ…

ሳሊሀን ደወልኩላት። ስለ ደዶው ልጅ ጽሕፈት ቤቱ ነግሯታል።

"እሺ ብያቸዋለሁ ኮች። ግን ደዶ ድረስ አልሄድም። እሱ ወደኔ ይምጣ።"

"አንቺ ጋ?"

"እኔ ጋ። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጠዋት። ሌላውን ቀን ለልጆቼ ነው የምፈልገው። ነግሬያቸዋለሁ፣ ተስማምተዋል።"

ተስማምተዋል። እንዲሁ በአንድ ስልክ። እኔ ያንን ሚኒባስ በጋውን ሙሉ ስመላለስበት፣ እሷ ትምጣ ማለት ይቻል ኖሯል? አልማዝ ሰምታ "አሁን ነው የገባህ?" አለችኝ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥኩ። ደስ ብሎኛል። ቅር ብሎኛልም። ልጅቷ ከንግዲህ አትፈልገኝም፤ የለፋሁት ለዚሁ አልነበር? ነገ ሐሙስ ነው። አልማዝ አርፈህ ተኛ ትላለች። በአንድ ሰዓት መነሣቴ አይቀርም… ተነሥቼ የት እንደምሄድ ነው የማላውቀው።